የቅድስት ቫርቫራ ቀን

ወረቀቱ እጇ ከገባ አስር ሰከንድ አልሞላም፣ ከኮሪደሩ ስሟን ሲጠሩ ሰማች።

«ቫርቫራ! የት ገባች ይቺ ልጅ? ሰው ሁሉ እየጠበቀሽ ነው እኮ!»

እየጠበቀኝ?



ማህደሩን መዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ መለሰች። ሁለቱን ገጾች ሸሚዟ ስር ከተተች። ለማንበብ ጊዜ የለም።

እውነተኛ ስሟ ቫርቫራ አይደለም። የስለላ መስሪያ ቤቱ «ድርጭት» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ግን ፀጉሯን ሁለት ቦታ ከጎነጎነችው አስራ ዘጠኝ ትመስላለች። ለዛም ነው የቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ መሀል ወዳለው የጠበቆችና የአማካሪዎች ቢሮ የላኳት፣ ለሁለት ሳምንት አፓረንት የወጣች የሕግ ተማሪ አስመስለው። ትዕዛዙ አጭር ነው። ቢሮው የያዘውን የአንድ ምስክር አድራሻ ማውጣት። ሰውየው ኢንጂነር ልዩበን ይባላል፣ የፈረሰው ድልድይ ላይ ማን ምን እንደሰረቀ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«ጠበቆቹ አርብ ለገዳዮቹ ሊሸጡት ነው» ብሏታል አለቃዋ፣ «አናጢው» የሚሉት። «ካልቀደምሻቸው ሰውየው ሞተ በይው።»

በሩን ከፍታ ወጣች።

ስምንት ሰው ኩሽናው በር ላይ ተኮልኩሏል። ከፊት ወይዘሮ ጾንካ፣ ቢሮውን ሰላሳ ዓመት የጠበቀችው ጸሐፊ። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ የልጅቷን ባዶ እጅ ታያለች።

«ታዲያ?»

«ምን ታዲያ?»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ዲሴምበር አራት።»



እዚህ አገር ልደትህን ብትረሳ ይስቁብህና ያልፉሃል። የስምህን ቀን ግን ማን ይረሳል? በቅዱስህ ቀን ቸኮሌት ይዘህ ትመጣለህ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትዞራለህ፣ ሰዉ አንድ አንድ እያነሳ ይመርቅሃል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደዛ ነው። ድርጭት የሐሰት መንደር፣ የሐሰት አያት፣ የሐሰት ጥርስ ሐኪም ሳይቀር ሸምድዳ መጥታለች። የራሷ ስም ግን ቅዱስ የለውም፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ቸኮሌት አዙራ አታውቅም።

«ስምሽ አይደለም እንዴ?» አለች ጾንካ። «ወይስ የሰው ስም ተውሰሽ ነው የመጣሽው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ጾንካ አልሳቀችም።





«ውይ! እኔ ጋ ነው እኮ ያለው!» ራዶስቲና ቀይ ካርቶን እያውለበለበች ከጠረጴዛዋ ሮጠች። «ጠዋት ትራም ላይ አስይዛኝ ረሳሁት። እንኳን አደረሰሽ፣ አንቺ ዝርክርክ!»

ራዶስቲና ሌላዋ አፓረንት ናት፣ እውነተኛዋ። ከቪዲን የመጣች። ቸኮሌቱን የገዛችው ለእናቷ ነው፣ ቅዳሜ ይዛላት ልትሄድ።

«ምን ነካሽ?» አለቻት በሹክሹክታ። «የገዛ ስምሽን?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«በይ ዙሪ። ፈገግ በይ ደሞ፣ ጾንካ ጥርስሽን እየቆጠረች ነው።»

ዞረች። ተመረቀች። ከዛ ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች።

አንደኛው ገጽ አድራሻና ስልክ ነው። ሁለተኛው የደብዳቤ ቅጂ፣ ዋናው ጠበቃ አቶ ቦዥኮቭ የፈረመበት።

«ለሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቀኝም መልሴ ያው ነው። ደንበኛዬን የደበቅኩት ከእናንተው መስሪያ ቤት ነው። አድራሻውን የሚሸጥ ሰው ያለው እናንተ ጋ ነው።»

የተጻፈለት ሰው ስም አናቱ ላይ አለ።

የአናጢው እውነተኛ ስም።

 ሻጩ ጠበቆቹ አይደሉም። ሻጩ አናጢው ነው፣ እሷ ደሞ ቁልፉ።

ቀጠሮው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከቀረች የአናጢው ሰዎች ቢሮው ይመጣሉ፣ ታውቃቸዋለች፣ አንኳኩተው አይገቡም። ከሰጠችው ልዩበን አለቀለት። ለበላይ አለቃ ልታመለክት? የበላዩ አለቃ የአናጢው ሚዜ ነው።

የቀረው ሐሰት ነው። የሟች አባቷ ቤት ስቮጌ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ አራት ዓመት ተቆልፎ ቆሟል። የእሱን አድራሻ በቢሮው ወረቀት ላይ ማተም አለባት። ፕሪንተሩ ግን ያለ ኮድ አይሰራም፣ ለአፓረንት ደሞ ኮድ አይሰጥም። ለራዶስቲና ብቻ ተሰጥቷታል፣ ከትናንት ወዲያ። ቦዥኮቭ «ይቺን ልጅ እንቀጥራታለን» ብሎ ራሱ ነው የሰጣት።

«ራዲ፣ ኮድሽን ስጪኝ። አንድ ገጽ ብቻ።»

«ለምን?»

«የትምህርት ቤት ፎርም።»

«አርባ አራት ሰባ አንድ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ቦዥኮቭ ይሰቅለኛል።» ሳቀች።

ፕሪንተሩ በማን ኮድ ምን እንደታተመ ይመዘግባል። ድርጭት ይሄን ታውቃለች።

አተመች።

አናጢው ከመንገድ ስር ባለው መተላለፊያ ግድግዳ ተደግፎ በአይብ የተጋገረ ባኒጻ ይበላል።

«ሰዓት ይዘሻል?»

«ቆሟል።»

የይለፍ ቃሉ ይሄው ነው። የቸኮሌቱን ካርቶን ተቀበላት፣ ከቸኮሌቱ ስር ወረቀቱን ሳበ፣ አነበበ።

ረጅም ጊዜ አነበበ።

«ስቮጌ» አለ በመጨረሻ። «አፍንጫችን ስር።» አንድ ቸኮሌት አፉ ውስጥ ጣለ። «የጠረጠረሽ አለ?»

«የለም።»

«ጎበዝ። አዲስ ስም እንፈልግልሻለን።»

ሄደ። እስከ ስቮጌ አንድ ሰዓት። ከዛ ሐሰት መሆኑን ያውቃል።

ሱቅ ገብታ ስልክ ለመነች።

«ኢንጂነር፣ አሁኑኑ ከቤት ይውጡ።»

«ማን ልበል?»

«ማንም። ይውጡ ብቻ፣ እየመጡ ነው።»

 ስኒ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«ልጄ፣ ይሄ አምስተኛ ቤቴ ነው። ስድስተኛው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም» አለ። ከዛ በር ሲከፈት ሰማች።

ሁለቱንም ወረቀት አቃጠለች። ወደ አውቶብስ መናኸሪያ የሚወስደው ትራም ግን የሚቆመው ቢሮው ፊት ለፊት ነው። ኮፍያዋን ግንባሯ ላይ ስባ ቆመች።

የፖሊስ መኪና በሩ ላይ ነው።

ጾንካ ሁሌም ከምሳ በፊት መዝገብ ቤቱን ትቆጥራለች። የጎደለውን አገኘች፣ ፕሪንተሩን ጠየቀች፣ አርባ አራት ሰባ አንድ። ራዶስቲና ያለ ካፖርት በሁለት ፖሊስ መሀል ወጣች። ቦዥኮቭ ደረጃው ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እኔ አይደለሁም! ጓደኛዬን ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች!»

ድርጭት አንድ ቃል ብትናገር ማን ነሽ ይሏታል። መስሪያ ቤቷ ይደወላል። ስልኩ አናጢው ኪስ ውስጥ ይጮሃል፣ ስቮጌ ሳይደርስ። ልዩበን ለማምለጥ ያለችው ይቺ አንድ ሰዓት ናት።

ትራሙ መጣ።

ራዶስቲና አየቻት። ፊቷ በራ፣ እውነት በራ፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

«ቫርቫራ!»

ፌርማታው ላይ ሁለት ሴቶች ዞር አሉ። ስማቸውም ቀናቸውም ነው፣ እንኳን አደረሳችሁ የሚላቸው ሰው መስሏቸው።

ድርጭት አልዞረችም። ትራሙ ላይ ወጣች።