ቁጥር ሰባት

አለቃዋ ግራር፣ ፍላቂት ገበያ ውስጥ ከገብስ ሻጮቹ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃታል። ኤልሳቤጥ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ቀረበችው። ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ፔርሙዝ አለ። አንደኛው በረዶ ውስጥ የተቀበረ መድኃኒት፣ ሌላኛው ፍተሻ ላይ ከተያዘች የምትሰጠው የጨው ውሃ።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው። ላሊበላ አጠገብ ባለ የውጭ ሰዎች ክሊኒክ ነርስ ሆና ገብታለች። ነርስነቱ ሽፋን ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የላካት ክሊኒኩ በሰው ላይ በድብቅ የሚሞክረውን መድኃኒት ናሙና እንድታወጣ ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል፤ ጉበት ሲደርስ ከወላጅ የተወረሰውን የዘረመል ስህተት እዚያው ህዋሱ ውስጥ ቆርጦ ያርማል።

ሰባተኛ የተሞከረባት ይማርሽ ላይ ግን መቆረጥ የሌለበትን ቆረጠ።

አባቷን የገደለው እግር የሚያደነዝዝ በሽታ ጀምሯት ነበር። የክሊኒኩ ሰዎች መድኃኒቱን ቫይታሚን ነው አሏት። ኤልሳቤጥ እውነቱን ልንገራት ብላ ግራርን በመልእክት ብትለምነው ሽፋንሽ ይጋለጣል ብሎ ከለከላት። ታዘዘች። መርፌውን የወጋቻትም ራሷ ናት። ይማርሽ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ወደ ቤቷ መለሷት። እዚያው ሞተች።

«አመጣሽው?» አለ ግራር።

«አዎ።»

«ጎበዝ። ስለ ይማርሽ ብዙ አትብሰልሰዪ።»

ኤልሳቤጥ እጇን ወደ ዘንቢሉ ሰደደች።

በላከችው መልእክት ሁሉ ሟቿ «ቁጥር ሰባት» ነበረች። ስሟን ነግራው አታውቅም። ሊነግረው የሚችለው ክሊኒኩ ብቻ ነው።

ተሸጧል።

ፊቷ አልተለወጠም። የጨው ውሃውን ፔርሙዝ አወጣችና ሰጠችው። ተቀብሏት ወደ አስፋልቱ ወጣ። የክሊኒኩ ነጭ ላንድክሩዘር በር ተከፈተለት።

እሷ የወልድያን ሚኒባስ ያዘች። ናሙናውን ከግራር በላይ ላለው ሰው በእጁ አስረከበች። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ግራርም ታሰረ። ለእሷ አዲስ ስም ተሰጣትና የላሊበላን አካባቢ፣ ላስታን፣ እንዳትረግጥ ታዘዘች።

በዚህ ጊዜ ግን አልታዘዘችም።

ለይማርሽ የአርባ ቀን ተዝካር ነጠላዋን አጣፍታ ከእንግዶቹ መሃል ተቀመጠች። እናቲቱ፣ እሜቴ ስሜነሽ፣ እንጀራ ይዘው መጡ።

«ልጄን ታውቂያት ነበር?»

«አላውቃትም። መንገደኛ ነኝ።»

«እንግዲያ ብዪ። በላሊበላ የምታልፊ ከሆነ ግን ኤልሳቤጥ የምትባል ነርስ ጠይቂልኝ። ልጄ እስክታርፍ ድረስ ስሟን ስታነሳ ነበር። እናቷ አመስግናሻለች በይልኝ።»

«እሺ፣ እናቴ» አለች።

ጎረሰች። ሰዉ ሲነሳ አብራ ተነስታ ሄደች፤ ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም።