የሰካራሙ ወንድም የእምነት ቃል

ሽማግሌው ፋርማሲስት ከቤታቸው ደረጃ ሥር ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ሲገኙ፣ ታናሽ ልጃቸው ሳሎን ውስጥ በስካር ተዘርሮ ያንኮራፋ ነበር። ሲነቃ ምንም አያስታውስም።

ጠበቃ የሆነው ታላቅ ወንድሙ «ስትጠጣ ከአባባ ጋር መጣላትህ መቼ ቀረ? ገፍትረኸዋል። እመን፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል» አለው። አመነ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ጠበቃው «ቅጣቱ በዛ» ብሎ ይግባኝ አለ። ነገሩ ያልተዋጠላቸው የበላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ግን የማቅለያውን ምክንያት የምታጣራ መርማሪ ላኩ። ገለባ ስለማታሳልፍ «ወንፊት» ይሏታል።

ወንፊት የወንድማማቾቹን እንጀራ እናት ቤታቸው አገኘቻቸው።

«እህቴን ላስታምም ሄጄ ጎህ ሲቀድ ተመለስኩ» አሉ። «ማታ ስወጣ የደረጃው አምፖል ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ስመለስ ተቃጥሏል። ፖሊስ ሳይመጣ ቀየርኩት። የገደልኩት እኔ መስሎኝ ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ሟቹ ያደርጉት የነበረው የጆሮ መስሚያስ?»

«ራስጌው ነበር። እሱን ካወለቀ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።»

በቀጠሮው ቀን ሁሉም ችሎት ተሰበሰቡ። ጠበቃው ከረባቱን እንደ ሙሽራ አስተካክሎ ተነሳ።

«ክብርት ዳኛ፣ አባታችን ክፉኛ ተጨቃጭቀውታል። ደረጃውም ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ሳያስበው ነው የገፋቸው።»

ወንፊት እንደ ቆሻሻ አየችው። «ያን ሌሊት የት ነበርክ?»

«ሌላ ከተማ። የደረስኩት ለቀብር ነው።»

«መስሚያውን ያወለቀ ሰው ከማን ጋር ይጨቃጨቃል? ጭቅጭቁን የፈጠርከው አንተ ነህ። በፖሊሱ ፎቶ ላይ ደግሞ ደረጃው ወለል ብሎ በርቷል። ጨለማውን የሚያውቁት አምፖሉን የቀየሩት እንጀራ እናትህና ገዳዩ ብቻ ናቸው።»

«እሳቸው ነግረውኝ ነው!»

«እኔ?» አሉ ሴትዮዋ። «ከቀብሩ ወዲህ እግዜር ያጥናሽ እንኳ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ጠበቃው ላቡን ጠረገ። «ይግባኙ በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው! አምኖ የተፈረደበት ሰው ጥፋቱ አይመረመርም!»

«ለዚህማ ነው ያሳመንከው» አለች ወንፊት። «አባቱን የገደለ አይወርስም፤ ያመነን ሰው ጉዳይ ደግሞ ማንም አይመረምረውም። በአንድ ድንጋይ አባትህንም ወንድምህንም መታህ። ብልጥ መሆንህ ነው?»

ዳኛዋ ይግባኙን አግደው ጠበቃው እንዲያዝ አዘዙ። ካቴናው ሲገባለት ወንድሙን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ወኔ አጣ።

ታናሽየው ግን ወንፊትን አተኩሮ አያት። «አባባን እኔ አልገደልኩትም ማለት ነው?»

«አልገደልክም።»

አባቱ ከሞቱ ጀምሮ እንባ አውጥቶ አያውቅም፤ የገደለ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? አሁን የተከሳሽ ሳጥኑን ይዞ ተንበረከከ፤ «አባዬ! አባዬ!» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዳኛዋም ዝም በል አላሉትም።