ስልኩ ነበር፤ ሰውየው ግን አልነበረም

ዲንሳ የሞተው ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ግድም ነው፤ አሶሳ ገበያ መሃል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ተጠልሎ ሳለ። ከሞባይል ሱቁ ባንኮኒ ጀርባ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የጄኔሬተር መፍቻ እግሩ ስር ወድቋል። መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቱ ማንጎ ሻጯ ቡሴ ናት። ጮኸች። ጮኻ ስትጨርስ ፎቶ አነሳች። የዘንድሮ ሰው እንዲህ ነው፤ እንባውን ሳይጠርግ ስልኩን ያወጣል።

ሬሳው ሆስፒታል ሳይደርስ «የአሶሳ ጉድ» የሚባለው ገጽ ፍርዱን ሰጠ። ገጹን ማን እንደሚጽፈው የሚያውቅ የለም፤ የማያነበው ግን የለም። የሰው ፍቅር፣ የሰው እርግዝና፣ የሰው ፍቺ አደባባይ የሚያሰጣ ነውረኛ ገጽ ነው። ያን ቀን የባጃጅ ነጂውን የሱለይማንን ፎቶ፣ የባጃጁን ታርጋ፣ የእናቱን ቤት አቅጣጫ ሳይቀር ዘርግፎ «ገዳዩ ይኸው» አለ። ቡሴም ለምታውቀው ሁሉ አጋራችው። አርብ ሲነጋ የባጃጁ መስታወት ረግፏል፣ የእናትየው በር ተገንጥሏል፣ ሱለይማን ጣቢያ ታስሯል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው።

ኢንስፔክተር ሸዋሉልን ያስጠሯት አርብ ጠዋት ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ፊቷን የማትፈታ ሴት ናት። ሳጅን አባይ ሱቁ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ በከንቱ ደከሙ። ነገሩ አልቋል። የሱለይማን ስልክ ሬሳው አጠገብ ተገኘ። የዋለበት ሁሉ ካርታው ላይ ተመዝግቧል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እኛ እስክንደርስ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው።»

«ከስምንት ሰዓት?»

«ከስምንት።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲገድለው ቆየ?»

ሸዋሉል ሱቁን በዓይኗ ለካችው። ከባለሱቁ ሌላ አንድ ሰው ቢገባ ሁለቱም መዞር አይችሉም። መደርደሪያው ላይ የተሰለፉት ስልኮች እያንዳንዳቸው ግማሽ ካርቶን በላስቲክ ታስሮባቸዋል፤ ካርቶኑ ላይ ቁጥር አለ።

«የሱለይማን ስልክስ? ካርቶን አልነበረውም?»

«ነበረው መሰለኝ። ቆሻሻ ነው ብዬ ጣልኩት።»

«አንሳው» አለችው። ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አነሳው። አስራ ሰባት ይላል።

ጣቢያ ስትደርስ ሱለይማን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቤቱ የሚናገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ባጃጅ ላይ ነው።

«ወላሂ እኔ አልገደልኩም። መብራት ጠፋ ስድስት ሰዓት። ስምንት ላይ ስልክ ለዲንሳ ሰጠሁ ለቻርጅ፣ ሥራ ሄድኩ።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር።»

«ለእጮኛ የጻፍኩት መልእክት ጉድ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ገጽ የከፈተልኝ ዲንሳ ነው፣ ፓስዎርድ ያውቃል። አንተ ነህ አልኩት። እሱ ‘ከእኔ ሌላ ለማን ሰጠህ? አስብ’ አለኝ። ‘ማታ ና፣ የጉድ ባለቤት አሳይሃለሁ’ አለ። ታረቅን።»

«ለማን ሰጥተህ ነበር?»

«ለማንም!» አለ። ጭንቅላቱን አከከ። «ስልጠና ላይ ብቻ ጻፍኩ።»

ሸዋሉል ወጥታ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የቆመውን የተሰባበረ ባጃጅ ወንበር አነሳች፤ የፈለገችውን አግኝታ ኪሷ ከተተችው።

የዲንሳ ሚስት ሰንበቴ ለቅሶ ላይ ናት። ቁጣዋ ከሐዘኗ ይበልጣል።

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ገዳዩ ተይዟል፤ ስቀሉት!»

«ረቡዕ ማታ ባልሽ ምን ነገረሽ?»

«እየሳቀ ገባ። ‘የጉዱን ባለቤት አገኘሁት፤ የስልኩን መስታወት ስቀይርለት የገጹ መልእክት በላይ በላይ ይወርዳል’ አለኝ። ማነው ስለው፣ ‘ሳስረክበው ዓይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ገበያው ይሰማል’ አለ። አፉ ነው የገደለው!»

«የጠገነው ስልክ ላይ ምልክት ያደርጋል?»

«ሲያስረክብ ከክዳኑ ስር ቀን የጻፈባት ተለጣፊ ያደርጋል። ዋስትናው ከተረከቡበት ቀን ነዋ የሚቆጠረው።»

ቡሴ ደግሞ ማንጎዋን እየደረደረች ቀና ብላ አላየቻትም።

«ምንም አልሰማሁም። ያ ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ጭሱ ማንጎዬን እያጠቆረ፣ ማን ምን ይሰማል? ከሟቹም ጋር በዚሁ ስንነታረክ ነው የኖርነው፤ ጻፊው። አንድ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲወጣ አይቻለሁ፤ ፊቱን አላየሁም።»

«ፊቱን ሳታዪ ሱለይማን ነው ብለሽ አጋራሽ?»

«ሁሉም አጋራ! አንቺስ ምን ቸገረሽ፣ ተዛውረሽ ወደ ማንኩሽ ልትሸሺ አይደል? ጉድ ላይ ወጥቷል።»

ሸዋሉል በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ቡሴን ደስ አላላትም።

ስልጠናውን የሰጠውን ይልቃልን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ራሱ መጣ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሰው ራሱን ከማህበራዊ ሚዲያ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሰለጥን ባለ ክራባት ነው። ሲናገር ሰውን እንደ ሕፃን ነው የሚያየው።

«ላግዝዎ ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር። ስንት ጊዜ ነገርኳቸው! ስልካችሁ የት እንደዋላችሁ ይጽፋል፣ ከማን ጋር እንዳወራችሁ ይሸጣል፣ ሎኬሽን ዝጉ አልኩ። የእኔን ይዩ፤ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሱለይማን ቢሰማኝ ኖሮ አይያዝም ነበር።»

«እርስዎ ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ይኸው፣ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ለጥፌዋለሁ።» ስልኩን ሰጣት። መጽሐፍ፣ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ከኋላ የበራ ቴሌቪዥን። ከላይ «ቤቴ፣ አሶሳ፣ አሁን» ይላል። ሸዋሉል አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሻሸች፤ አንድ ጭረት የለውም።

«ዲንሳ ሱቅ ይሄዱ ነበር?»

«ከሄድኩ ከወር በላይ ሆኖኛል።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም የጣቢያው በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሱለይማን እጁ ታስሮ፣ ሰንበቴ ጥቁር ለብሳ፣ ቡሴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ይልቃል እግሩን አነባብሮ። ከአጥሩ ውጭ ግማሽ ገበያ ስልኩን ሰቅሎ ቆሟል።

«መጀመሪያ ስልኩ» አለች። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ውስጥ የነበረው ስልኩ ነው። ሰውየው አልነበረም። ዲንሳ ለቻርጅ የተቀበለውን ስልክ በካርቶን ነው የሚይዘው፤ ግማሹ ከስልኩ ጋር፣ ግማሹ ከባለቤቱ ጋር። ይኸው ሳጅን አባይ የጣለው፣ ይኸው ከባጃጁ ወንበር ስር ያገኘሁት።» ሁለቱን ገጠመቻቸው። አስራ ሰባት ቁጥር መሃሉ ላይ ተገናኘ። «ባጃጁን የሰበራችሁት ሰዎች ይህችንም ብታጠፏት ኖሮ ሰውየው አልቆለት ነበር።»

ከአጥሩ ውጭ ጉርምርምታ ተሰማ።

«አቶ ይልቃል፣ ዓመቱን ሙሉ የት እንደዋሉ ለማንም ያልነገሩ ሰው፣ ሐሙስ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ብቻ ቤቴ ነኝ ብለው ለከተማው ሁሉ ለምን አወጁ?»

«መብቴ ነው።»

«ነው። የቦታውን ስም በእጅ መርጦ መጻፍ እንደሚቻል ያስተማሩንም እርስዎ ነዎት። ግን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አሶሳ መብራት አልነበራትም። የእርስዎ ቴሌቪዥን በምን በራ?»

ይልቃል እግሩን አወረደ። «የቆየ ፎቶ ቢሆንስ? ሰው መግደል ነው?»

«አይደለም፤ መዋሸት ነው። እንቀጥል። ስልጠናዎ ላይ እኔም ነበርኩ። አቴንዳንስ አዞሩልን። ስም፣ ስልክ፣ ፓስዎርድ፣ ፊርማ። ‘አጠንክሬ እቀይርላችኋለሁ’ አሉ። ሰው አበል ለመፈረም ብዕር ሲሻማ ምን እየጻፈ እንደሆነ አላየም።»

ሱለይማን ዓይኑን ጨፈነ።

«በጉድ ላይ አቤቱታ የደረሰኝ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ በስልጠናው ዋዜማ በራሴ እጅ አዲስ የግል ገጽ ከፈትኩ። ውስጡ አንድ መልእክት ብቻ ጻፍኩ፤ ለእህቴ፣ ወደ ማንኩሽ ዝውውር ጠይቄያለሁ የሚል። እህት የለኝም። ዝውውርም አልጠየቅኩም። የዚያ ገጽ ፓስዎርድ ያለው በእርስዎ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ዲንሳ አያውቀውም። በሦስተኛው ቀን ግን ማንኩሽ መሄዴ ጉድ ላይ ወጣ። ቡሴ እንኳ በእሱ ሰድባኛለች።»

ሰንበቴ ቀስ ብላ ወደ ይልቃል ዞረች።

«ይህ... ይህ ግምት ነው» አለ ይልቃል። «ሱቁን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል!»

«አባይ፣ የአቶ ይልቃልን ስልክ ተቀብለህ ክዳኑን አንሳው።»

ሳጅኑ በጥፍሩ ፈለቀቀው። ከባትሪው ጎን የጥፍር ታህል ተለጣፊ አለች፤ የዲንሳ የተጣመመ ጽሕፈት። አነበባት። «የትናንት ቀን ነው።»



«ለገበያው ሁሉ ሊነግርብኝ ነበር» አለ ይልቃል። ድምፁ ቀጥኗል። «ስሜን ሊያጠፋ ነበር። የሰው ምስጢር...»

«አንተ የስንቱን ነገርክ?» አለችው ሸዋሉል። እርስዎ ማለቱ እዚያ ላይ አበቃ። «ስልክህን ተቀብለህ፣ ቀና ብሎ እስኪነግርህ ጠብቀህ፣ ፊቱን ሲያዞር ማጅራቱን መታኸው። ከዚያ እጅህ ሳይደርቅ ቤቴ ነኝ አልክ። ቀጥለህም በፓስዎርዱ ገብተህ የነጠቅከውን ፎቶ፣ ታርጋና ቤት ዘርግፈህ ንጹሁን ሰው ለድንጋይ ሰጠኸው። ውሰዱት።»

ሰንበቴ ተነሥታ በጥፊ መታችው። ማንም አልከለከላትም።

ሳጅን አባይ የሱለይማንን እጅ ፈትቶ ወረቀት አቀረበለት። «መፈታትህን ፈርም። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ።»

ሱለይማን ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ብዕሩን መለሰ።

«ስልክ አልሞላህም።»

«አልሞላም።»

ሳጅኑ ሸዋሉልን አየ፤ እሷ ሌላ ቦታ እያየች ነው። ወረቀቱን አጥፎ ያዘ።

በሩ ሲከፈት ከአጥሩ ውጭ ያለው ስልክ ሁሉ ወደ ሱለይማን ፊት ተነሣ። ትናንት ገዳይ ያሉት አፎች ዛሬ ምስኪን እያሉ ይቀርጹታል። ቡሴ ሮጣ ደረሰችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ራሱ ላይ ጣለችበት።

«ሸፍነው ወንድሜ፣ ሸፍነው፤ አያንሱህ።»

ሱለይማን ነጠላውን ከራሱ ላይ አውርዶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ትናንት ፊት የኔን ለሰው ሁሉ የሰጠህ አንተ ነህ» አላት። «ፊት ተወው። የእናቴ በር ነው የተሰበረ። እሱን ሥራ።»

ብሎ በስልኮቹ መሃል ፊቱን ገልጦ አለፈ። ቡሴ ነጠላዋን ታቅፋ ቆመች። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ፤ አላወጣችውም። ዙሪያዋን አየችና፣ መዶሻ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቀች።