ከተወገዘ ሰው እጅ

ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እሁድ ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ...

ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ የአባቴ የሣር መጋዘን። የዚያን እሁድ ጸሎት የማስተናገድ ተራው የኛ ቤት ነበር።

ሎቪና እባላለሁ። አባቴ የአሚሽ ማኅበራችን መሪ ነው፤ አሚሾች በፈረስ ጋሪ እንጂ በራሳችን መኪና የማንሄድ ክርስቲያኖች ነን። የሰፈራችንን ልጅ ኢኖስን ያወገዘውም እሱ ነው።

ጥፋቱን ልንገራችሁ? ተጠምቆ ቃል ከገባ በኋላ መኪና ገዛ። አንድ አሮጌ ፒክአፕ! በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀሉ።

ከተወገዘ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ አይበላም። ከእጁም ምንም አይቀበሉም፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ። የተቀበለ አብሮት ይወገዛል።

እኔ ደግሞ እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ!

እኛ ጋ ወንድ ልጅ ለሚያገባት ልጅ ቀለበት አይሰጥም፤ የግድግዳ ሰዓት ነው የሚሰጠው። ኢኖስም "ሐሙስ ከሰዓት ይዤልሽ እመጣለሁ" ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠበቅኩት። ቀረ።

ዓርብም... ቅዳሜም...

እሁድ ዳቦና የለውዝ ቅቤ እያቀረብን ሳለ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ለተወገዘ ሰው ለብቻው ትንሽ ጠረጴዛ ይዘረጋለታል፤ ደንባችን ነው። ያንን እንኳ የሚያደርግ ሰው ይጥፋ? እህቴ ቨርና የዳቦ ሰሃን ይዛ ትከሻውን ታክካው አለፈች። ዞር እንኳ አላለችም።

ደሜ ፈላ።

ኮቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ውጪው ግን ፀሐይ ነው፤ ዝናብ ካየን ሦስት ሳምንት አልፎናል።

ጠብታው ይወርዳል... ወለሉ ግን አይረጥብም።

አይቼዋለሁ። ግን ንዴቱ አንቆኝ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

"ኧረ ወንበር ስጡት!" አልኩ።

ቨርና መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ለማን?"

"አትቀልጂብኝ!"

"ሎቪና... ለማን ነው የምትዪው?" ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

እሷም ከነሱ ጋር ሆና ነው ብዬ ገፋኋት።

ኢኖስ አጠገቤ ደረሰ። ጥቅሉን ዘረጋልኝ።

"ከእጄ... ትቀበዪኛለሽ?" አለ በሹክሹክታ።

ባልቀበለው እሱን አጣለሁ። ብቀበለው እናቴን፣ እህቴን፣ ቤቴን አጣለሁ።

መቶ ሰው ፊት ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"እቀበላለሁ! ሁላችሁም እዩኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ከበደኝ። እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ጨርቁ ተንሸራቶ ወደቀ...

ሰዓቱ ነው። መስታወቱ ውስጥ የወንዝ ጭቃ ሞልቷል።

ይሄን ጊዜ ሰዓቱን ሰው ሁሉ አየው። እኔም ቀና አልኩ። ፊቴ ግን ማንም የለም።

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄ... ይሄ እኮ ከሱ ጋር ውሃ ገብቷል" አለ።



"የቱ ውሃ፣ አባዬ?"

አፉን በእጁ ያዘ። አምልጦታል።

"የቱ ውሃ ነው የምልህ!"

"ሐሙስ... ድልድዩ ጋ። መኪናው ወንዝ ገባ። ኢኖስ እጁን ዘረጋልኝ..."

"እሺ?"

"የተወገዘ ነው እኮ ልጄ። ከእጁ እንዴት..."

"ገደልከው!" አልኩት። "ጥጃ ገደል ሲገባ አገር ምድሩን ገመድ አስይዘህ የምታስወጣ ሰውዬ! የቱ ሕግ ነው የሚሰምጥ ሰው አትያዙ ያለው? የቱ?"

ሁሉም አቀረቀረ።

ሬሳውን በነጋታው አወጡት። ቀኝ እጁ እንደተዘረጋ ደርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔን ለማውገዝ የደፈረ አልተገኘም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቴ በማኅበሩ ፊት ተንበረከከ። ተንበርክኮ የተናዘዘ ይቅር ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማንሳት ነውር ነው። አያችሁልኝ? በአንድ መንበርከክ የሰው ነፍስ ጉዳይ ተዘጋ!

"አንቺም ይቅር በዪው፣ እባክሽ" አለችኝ እናቴ።

"አልልም።"

በደንቡ መሪ የተንበረከከውን ሰው እጁን ይዞ ያስነሳዋል። ከጎረቤት ማኅበር የመጣው መሪ ጸሎቱን ገና አልጨረሰም። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

እጁ ተያዘ...

ብድግ አለ። ዐይኑን ገለጠ።

መሪው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። መጽሐፉን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

የአባቴ ክንድ ግን ወደ በሩ ተወጠረ። መሄድ ጀመረ... እየሄደ ሳይሆን እየተጎተተ። ጫማው ወለሉን ይፍቃል።

"ያዙኝ! ስለ ፈጣሪ ያዙኝ!"

ግራ እጁን ለዚህም ለዚያም ይዘረጋል። መቶ ሰው ነን፤ የተነሳ ግን የለም።

በእኔ በኩል ሲያልፍ ጣቶቹ ፊቴ ደረሱ።

"ሎቪና... ልጄ... እጅሽን..."

ሁለቱንም እጆቼን ሽርጤ ስር ከተትኳቸው።

በሩን አልፎ ወደ ድልድዩ በኩል ሲታጠፍ ቁጭ ብዬ አየሁት።