የሻፊን አገጭ ያሰረው

ሻፊ ጆበርግ ዳርቻ ቶኮዛ ባለው ሱቁ ውስጥ፣ በዱቄት ከረጢቶቹና በማቀዝቀዣው መካከል፣ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። የመቱት በራሱ የመዝጊያ ብረት ነው፤ ብረቱ ከጎኑ ተጥሏል። ደጋግመው መትተውታል። አንዱ ይበቃ ነበር።

ውጭ የሻፊ ደጋፊ ጎረምሶች አለንጋና ፌሮ ይዘው ይጮኻሉ፦ «ምሕረቱን አውጡልን!»

ምሕረቱ የሻፊ ተፎካካሪ ነው። እሑድ የነጋዴዎች ማኅበር ምርጫ አለ፤ ቶኮዛን ወክሎ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያች የፕላስቲክ ወንበር የሁለቱ ደጋፊዎች ሰሞኑን ሁሉ ሲደባደቡ ከረሙ፤ የወንድ ነገር! ዛሬ ደግሞ ጎረምሶቹ ምሕረቱን መንገድ ላይ ይዘው ጥርሱን አረገፉት። ከእጃቸው ነጥቃ ሱቁ ውስጥ ያስገባችው ራዚያ ናት።

ራዚያ አገር ቤት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ጆበርግ ከመጣች ወዲህ ብርድ ልብስ ታከፋፍላለች። ሙያ ግን እንደ ቂም ነው፣ አይለቅም። ፖሊስ እስኪደርስ ምሕረቱንና ሱቁ ውስጥ ያገኘቻቸውን ሁለት ሰዎች አስቀርታ መዝጊያውን አወረደችና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

ሻፊ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል። አገጩ በሻርፕ ታስሯል፤ ሻርፑ ደም ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«መጀመሪያ የገባው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት ዱካሞ። «ጠዋት ሳይከፍት ሲቀር የውጭውን ቁልፍ በግራይንደር ቆረጥኩት። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጮህኩ፤ ይሄ ጣሃም ሌላውም መጣ።»

«ስትገባ አገጩ ታስሮ ነበር?»

«ኧረ እትዬ! ያን ጭንቅላት አይቶ አገጭ የሚያይ ማነው? ሮጬ ወጣሁ።»

ወደ ምሕረቱ ዞረች። «አንተስ?»

«ትናንት ማታ ደወለልኝ» አለ ምሕረቱ ደም እየተፋ። «‹ልጆቹ ሳይተራረዱ ነገ ከምርጫው እወጣለሁ፤ ወንበሩን አንተ ውሰደው› አለኝ።»

«ውሸታም!» ጣሃ ዘሎ ጉሮሮውን ያዘው። ጣሃ የሻፊን የምርጫ ዘመቻ የሚመራ ነው፤ ሻፊ ቢያሸንፍ ጸሐፊነቱ የእሱ ነበር። ራዚያ ደረቱን በክርኗ መትታ አስለቀቀችው።

«ተቀመጥ! ይልቅ ይሄን አገጩን ያሰረለት፣ ወደ ቂብላ ያዞረው ደግ ሰው ማነው? አላህ ይስጠው።»

ጣሃ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ዱካሞ ሲወጣ ገባሁ። እንዲያ ተንጋሎ ልተወው?»

«በምን አሰርከው?»

«በሻርፔ።»

ራዚያ ቀስ ብላ ተነሣች። «ሁላችሁም ስሙኝ። ዘራፊ አይደለም፤ ሻፊ ከመሸ በኋላ የበሩን የብረት ፍርግርግ ለማያምነው ሰው አይከፍትም። ምሕረቱ ሬሳ ቢያቃና ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው ነበር። ግን ሃይማኖት ቆጥሬ ማንንም አልኮንንም። ደሙን እዩ። ዱካሞ ጠዋት ሲገባ ደሙ ደርቆ ነበር። የደረቀ ደም ጨርቅ አያርስም። ይህ ሻርፕ ግን እስከ ቋጠሮው ውስጥ ርሷል።»

«እና?» አለ ጣሃ።

«እናማ የታሰረው ደሙ ሲፈስ ነው። የደረቀ ሬሳ ደግሞ አፉ ተከፍቶ ከቀረ በጨርቅ አይገጥምም፤ የሻፊ አፍ ገጥሟል። ሻርፑ የእኔ ነው፣ ያሰርኩትም እኔ ነኝ ያልከው አንተ ነህ። ሻፊ ሲሞት እዚህ ነበርክ።»

የጣሃ አገጭ ወረደ። ያን ጊዜ ማሰሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

«‹ወንበሩን ለምሕረቱ ሰጠሁት› ሲለኝ መታሁት» አለ። «ወድቆም ስሜን ይጠራል። ዝም እንዲል ደጋገምኩት። ከዚያ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ወንድሜ አይደል፣ እንዴት ልተወው?»

በመዝጊያው ቀዳዳ ሲያዳምጡ የነበሩት ሰሙ። ድንጋይ ብረቱን ደበደበው። «ጣሃን አውጡልን!» ስሙን ለመለወጥ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም።

ምሕረቱ ተነሣ። ጣሃ የሚከፍትላቸው መስሎት ማቀዝቀዣው ጥግ ተሸጎጠ። ምሕረቱ ግን ጀርባውን ለመዝጊያው ሰጥቶ ቁጭ አለ፤ እግሩን የዱቄት ከረጢቶቹ ላይ ተከለ።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አለው በተሰባበረ አፉ። «ሻፊ የሞተው ደም እንዳይፈስ ብሎ ነው።»

ዱካሞ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ራዚያም ተከተለች። የፖሊስ ሳይረን እስኪሰማ ድረስ መዝጊያው በእያንዳንዱ ድንጋይ ጀርባቸውን ይመታቸው ነበር።