ሰኞ የእሷ ቀን ነው

ኮቱ አንድ፣ እኛ ሁለት ነበርን። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። በሱቁ መስኮት ስናየው ከርመን በመጨረሻ አዋጥተን ገዛነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእሷ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኔ። እሑድ ኮቱም ያርፋል።

ሕጉን ያወጣችው ጓደኛዬ ናት። ስታፏጭ ስለምትውል የሚያውቃት ሁሉ «ፉጨት» ነበር የሚላት። ሁለተኛውም ሕግ የእሷው ነው፤ ኮቱን የምታስረክብ ለተረካቢዋ ኪሱ ውስጥ አንድ ከረሜላ ትተዋለች።

«በዚህ ከተማ ‹እንዴት አደርሽ› የሚል ሰው የለም። ቢያንስ ኪሳችን ይበለን» ትል ነበር።

አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንሠራለን። እሷ ከፊት ልብስ ትቀበላለች፣ እኔ ከኋላ እተኩሳለሁ፤ የምንገባበት ሰዓትም ይለያያል፣ እሷ ትቀድማለች። ከማዶ አዲስ ፎቅ እየተሠራ ነበር፤ አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ ወጣት መስታወት ይገጥማል። እሷ «የሰማዩ ሰውዬ» አለችው። በቀኗ ስታልፍ ታፏጭለታለች፤ እሱም ያንኑ ዜማ ይመልስላታል።

«ፊቱን እንኳ በደንብ አይቼው አላውቅም» አለችኝ አንድ ቀን። «ግን ፉጨቱ ይገባኛል። በቃ፣ ወድጄዋለሁ።»

«አብደሻል!» አልኳት።

እኔም በየማክሰኞው ቀና ብዬ እንደማየው ግን አልነገርኳትም። ማፏጨት አልችልም። ቆም ብዬ አየዋለሁ፤ እሱ እጁን ያነሣል፤ እኔ እሮጣለሁ። ከዚያ ከፍታ የሚታየው ኮቱ እንጂ ፊታችን አይደለም። ሁለት መሆናችንን በምን ይወቅ?

አንድ ማክሰኞ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። በሩ ላይ ኮቱን ዘረጋሁላት።

«እንቺ ልበሺው፤ አጉል ሳል ይዞሻል።»

«ሂጂ ወዲያ! ቀኑ ያንቺ ነው፣ ሕግ ሕግ ነው» ብላ በስስ ሹራብ እያፏጨች ወጣች።

ሳንባዋን መታት። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት።

አጥብቄ ብለምናት ትለብሰው ነበር። አልለመንኳትም። ያን ቀን እሱ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን አላፈረስኩም። በእሷ ቀን ኮቱ ሚስማሩ ላይ ይውላል፤ ትከሻው አሁንም የእሷን ቅርጽ ይዟል። እኔ በሹራብ እየተንቀጠቀጥኩ በኋላ መንገድ ዞሬ ሥራ እገባለሁ። በዋዜማው ከረሜላዋን ኪሱ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በማግሥቱ እንዳለ አገኘዋለሁ። ለኔ የተተወ ግን የለም። አንዳንዴ ደረጃው ላይ ፉጨት እሰማለሁ፤ በሩን ስከፍት ማንም የለም።

አንድ ሐሙስ፣ ኮቱን ለብሼ ሳልፍ፣ ከላይ የእሷ ዜማ ተፏጨ። ሳምንታት ሙሉ መልስ ያጣ ፉጨት አንጀት ይበላል። ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ከንፈሬን አሹዬ ነፋሁ። የፈላ ማንቆርቆሪያ ነበር የምመስለው። እሱ ግን ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«በመጨረሻ! ፉጨትሽን ምን ነካው?»

«ጉንፋን» አልኩ።

«ድሮ በየቀኑ ነበር የምትመጪው።»

«ፈረቃዬ ተለወጠ።»

በሁለቱ ውሸቶች ሁለት ወር ኖርኩ። በኔ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ፎቁ ሥር ተቀምጠን እናወራለን። እጁ በመስታወት ተቧጭሯል። አቧራው ጉሮሮውን ስለሚያደርቀው ሚንት ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም። ሲስቅ አንገቱን ይሰብራል። ወደድኩት። እሱ በሳቀ ቁጥር ግን ኮቱ ትከሻዬ ላይ ይከብደኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ሰኞ ዕለት ጠራ። የኋላው መንገድ ተቆፍሮ ስለተዘጋ ያለ ኮት በፊት ለፊት ለማለፍ ተገደድኩ። እሱ መንገዱ ላይ ከመኪና መስታወት እያወረደ ነበር።

«እንዴ! በዚህ ብርድ? ኮትሽስ?»

«ዛሬ የእሷ ቀን ነው» አልኩ፤ አመለጠኝ።

«የማን?»

ሁሉንም ነገርኩት። ሕጉን፣ ዝናቡን፣ ያን ማክሰኞ። «የምታፏጭልህ እሷ ነበረች። እኔ ቆማ አይታህ የምትሮጠዋ ነኝ። ቦታዋን ሰረቅሁባት።»

«ሞታለች?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። የያዘውን መስታወት ከመኪናው አስደግፎ፣ «ዛሬ ቀኗ ከሆነ ኮቱን አምጪልኝ። ልሰናበታት» አለኝ።

ሮጬ አመጣሁለት። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ገና መስታወት ያልገባበት መስኮት አጠገብ ሰቀለው። ቆቡን አውልቆ ዜማዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፏጨላት። ነፋሱ እጅጌውን አነሣው። ሁለታችንም አለቀስን።

ሲያወርደው እጁ ኪሱን ነካ። «ይኼ ከረሜላ ምንድን ነው?»

«የእሷ ድርሻ ነው። እንደማትወስደው አውቃለሁ፤ ግን አስቀምጥላታለሁ።»

«ላንቺስ ማን ያስቀምጥልሻል?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ኮቱን ቀስ ብሎ አጣጠፈ፤ ሰጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። «ነገ ነይ» አላለኝም። በቃ፣ አለቀ ብዬ ወረድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ኮቱን ለበስኩ። ለልማዱ ያህል እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ከረሜላው ሁለት ነበር። አንዱ የእሷ። ሌላው ሚንት ነው፤ መጠቅለያው አቧራ ለብሷል።

በሩ ላይ ቆሜ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወጣሁ፤ ፎቁ ሥር ስደርስ ቀና አልኩ። ለማፏጨት አልሞከርኩም።

እጁን አነሣ። አልሮጥኩም።