የሳምንቱ ስንቅ

የኔአለም የስንቁን ማዳበሪያ አፍ ስትፈታ የሽሮው ሽታ አወዳትና ሆዷ ጮኸ። እናቷ በዚህ ሳምንት ደግሞ ጨምራለች። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ፣ በፌስታል የታሰረ ሽሮ፣ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ በደብተር ወረቀት የተቋጠረ ነገር አለ። ፈታችው። ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ነው። እናቷ ተልባ ልካላት አታውቅም።

ጥጉ ላይ ያለፈው ቅዳሜ ስንቅ እንዳለ ተቀምጧል። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። የላይኛውን እንጀራ ዳር ዳሩን ሻጋታ ጀምሮታል። እንጀራ መጣል ነውር ነው፤ ለማን እንደምትሰጠውም አላወቀችም። ስለዚህ ከነጨርቁ አልጋ ሥር ገፋችው።

«ዓለሜ! ደረሰልሽ ስንቁ?»

በር ላይ የቆሙት አከራይዋ እትዬ ወለተ ሐዋርያት ነበሩ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር። የኔአለም ብድግ አለች።

«ደርሷል እትዬ። ይግቡ።»

«አልገባም፤ ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን ላስታውስሽ ብዬ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከእህል ውሃ መከልከል የለም ልጄ፤ ሥርዓቱም አይፈቅድም። በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ጎሽ! ትናንት እናትሽ ስትደውል ነገርኳት። ‹ያለምወርቅ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድሽው› አልኳት። በዚህ ዘመን እስከ አስራ አንድ ሰዓት የሚጾም ተማሪ የት ይገኛል? የእኔዎቹ ገና በጠዋቱ ድስት ለድስት ነው። በደስታ አለቀሰች እኮ።»

የኔአለም አንገቷን ደፋች። እትዬ ይህንንም ለትሕትና ቆጠሩላትና መርቀዋት ሄዱ።

እውነቱ ግን እትዬ ከሚያስቡት በጣም የራቀ ነበር። የኔአለም የምትጾመው ለነፍሷ ሳይሆን ለቀሚሷ ነው። መስከረም ላይ፣ ከቁይ ከተማ ወዲያ ካለው ቀበሌዋ አስረኛ ክፍልን ልትማር ደብረ ማርቆስ ስትመጣ የተሰፋላት የዩኒፎርም ቀሚስ ለገና አልቆለፍ አለ። ለበዓሉ አገሯ ስትገባ የሰፈሩ ሴቶች «እሰይ! ከተማው ተስማማሽ!» እያሉ ጉንጯን ሳሟት፤ ደስ አላት። ማርቆስ ስትመለስ ግን ከኋላ ወንበር አንዱ «ቦቴ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» አለ። ልጁ ያለው አንድ ቀን ነው፣ ክፍሉም የሳቀው አንድ ቀን ነው። እሷ ግን በሩን በገፋች ቁጥር ትሰማዋለች።

ያኔ ነው ስልኳ ላይ «ቅጥነት በአስራ አራት ቀን» የሚል የቴሌግራም ቻናል ያገኘችው። ጥር ላይ ሳምንት ሙሉ እንቁላል ብቻ በላች። ሦስት ኪሎ ቀነሰች፤ ወሩ ሳያልቅ አራት ሆኖ ተመለሰ። ቀጥሎ ሎሚና ዝንጅብል መጣ። ከዚያ ኮምጣጤ። ሁሉም ሲመጣ «የመጨረሻው መፍትሔ» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ሲከሽፍ ደግሞ ጥፋቱ የራሷ እንጂ የቻናሉ አይመስላትም ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ቻናሉ ቀን ውሃ በሎሚ፣ ማታ አንድ ኩባያ የካሮት ሾርባ ብቻ አለ። ጾሙ ጥሩ መደበቂያ ሆነላት። በሁዳዴ ለምን አትበዪም የሚል ሰው የለማ።

ለነገሩ ጾም ባይሆንም የሚጠይቃት አልነበረም። አብራት የተከራየችው የአክስቷ ልጅ በጥር ትምህርቷን አቋርጣ አገሯ ገብታለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው የተኛበት አልጋ ሰፍቷታል። ማታ ማታ የእትዬ ቤተሰብ በአንድ ትሪ ከቦ ሲጫወት በግድግዳው በኩል ይሰማታል፤ እሷ ሾርባዋን በማንኪያ ስታማስል አንድ ኩባያ ሾርባ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል።

አንድ ጓደኛ ነበረቻት፣ ጀነት። አባቷ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ስለገጠሙ ጀነትም ትጾማለች፤ በምሳ ሰዓት ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ግቢው ዛፍ ሥር እየተቀመጡ ይሳሳቁ ነበር። ጀነት ሦስት ጊዜ ለኢፍጣር ጠራቻት። «ነይ በናትሽ፣ እማ የምስር ሳምቡሳ ትሠራልሻለች፤ የጾም ነው» አለቻት። የኔአለም ሦስቱንም ጊዜ ሰበብ ፈጠረች። ሦስተኛው ላይ ጀነት፣

«እኔም እኮ እጾማለሁ» አለች። «ግን ፀሐይ ስትገባ እበላለሁ። ያንቺ ፀሐይ መቼ ነው የምትገባው?»

«ምን አገባሽ አንቺ!»

ጀነት ቦርሳዋን ይዛ ሌላ ወንበር ሄደች። ይሄ ከሆነ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ወንበሩም እንደ አልጋው ሰፋ።

ማክሰኞ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህር መሳፍንት ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዙሩ አሉ። የኔአለም አንዱን ዞረች፤ ሁለተኛው ላይ ሜዳው ራሱ መዞር ጀመረ። ስትነቃ ግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ማን እንዳስቀመጣት አላወቀችም። አጠገቧ ያልተከፈተ የውሃ ላስቲክ ቆሟል። ቀና ስትል የጀነት ሂጃብ ከሯጮቹ ጋር ሲርቅ አየች። ጀነት ራሷ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም።

መምህሩ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ቁርስ በልተሻል?»

«ጾም ነው ቲቸር።»

መምህሩ አልተከራከሩም። ትንሽ ቆይተው፣ «አገር ቤት ሳለሽ ትምህርት ቤትሽ ሩቅ ነበር?» አሏት።

«አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። መመለሻውም እንደዚያው። ዳገት ስለሆነ ይብሳል እንጂ።»

«ውሃስ?»

«ከወንዝ ነበር የምንቀዳ።»

«አሁን ከቤትሽ እዚህ ለመድረስ ስንት ይፈጅብሻል?»

«አምስት ደቂቃ።»

«አየሽ፣ አፍሽ አልጨመረም፤ እግርሽ ነው ያረፈው» አሉና ሳቁ። «ልጆቹ ያሉትን ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ የምታዩትንም አውቃለሁ፤ እህቴም ቤቱን በኮምጣጤ ሞልታልኝ ነበር። በስድስት ወር የመጣ በአስራ አራት ቀን አይሄድም። ሆድሽ ሲጠግብ ተዪ፣ ለስላሳና ብስኩቱን ቀንሺ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንቁላል የሚለውን ስትሰማ የጥር ወር ጉሮሮዋ ላይ መጣባት። መምህሩ የነገሯት ነገር ደስ አላላትም። ቀላል ነው፤ ረጅም ነው፤ «ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ» የሚል ፎቶ የለውም። ውሃውን ግን ጨርሳ ጠጣችው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ እናቷ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል።

«እማዬ፣ ምነው ድምፅሽ?»

«ደህና ነኝ የኔ ዓለም። ያች ጨጓራዬ ትንሽ ነክሳኝ ነው።»

«መድኃኒቱን አልወሰድሽም?»

«እሱማ ጠዋት እህል ላይ አይደል የሚወሰደው።» እናቷ አፍሮ እንደሚናገር ሰው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ስለ ጾምሽ ሲነግሩኝ፣ ልጄ ትምህርት ተሸክማ እስከ አስራ አንድ እየዋለች እኔ ጠዋት ጠዋት ስበላ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው አልኩ። የንስሐ አባቴ አባ አምደሚካኤል በሕመሜ ፈቅደውልኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ከሰኞ ጀምሮ ካንቺ ጋር እየጾምኩ ነው። ብቻሽን እንዳይመስልሽ።»

የኔአለም ከአልጋው ብድግ አለች። ዓምና ክረምት ላይ እናቷን ደም አስመልሷት፣ ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸክሞ በጭቃው ጤና ጣቢያ ሲያደርሳት እሷ ነጠላዋን ይዛ ከኋላ ስትሮጥ ነበር። ሐኪሙ ባዶ ሆድ እንዳትውል፣ መድኃኒቱንም እንዳታቋርጥ ብሎ ነበር።

«እማዬ፣ ብዪ! መድኃኒቱን ውሰጂ!»

«አንቺ ስትበዪ እበላለሁ። ተልባዬን እኮ የላኩልሽ ባዶ ሆድሽን እንዳይጎዳሽ ብዬ ነው። አገኘሽው?»

ተልባው የእናቷ የጨጓራ ተልባ ነበር። «አገኘሁት» አለች። ኔትወርኩ ተቆረጠ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ልጆች ይሳሳቃሉ። ቀላል መውጫ ፈለገች። «ከነገ ጀምሬ እበላለሁ» ብላ ሾርባዋን መቀጠል ትችላለች፤ ማን ያያታል? ግን እናቷ እትዬን መጠየቋ አይቀርም። «አሞኝ ሐኪም ከለከለኝ» ብትል ደግሞ እናቷ ባዶ ሆዷን አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች። የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አሳፈራት። በእግዚአብሔር ስም ለቀሚስ ስትጾም መክረሟን እንዴት ብላ ለእናቷ ትነግራለች? እናቷ በደስታ ያለቀሰችበትን ነገር? ትራሱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የሚሰማት አልነበረም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተነሳች። ቻናሉ አዲስ ቪዲዮ ልኳል፤ አልከፈተችውም። ለጀነት ግን ጻፈችላት። «ያ ሳምቡሳ ዛሬም አለ? ከትምህርት በኋላ በእግር ዞረን፣ በረጅሙ መንገድ እንምጣ። ብዙ የምነግርሽ አለ።» መልሱን አልጠበቀችም። ስቶቩን ለኩሳ ሽሮ ጣደች። ከአዲሱ ስንቅ ሁለት እንጀራ አወጣች፤ ትንሽ አሰበችና አንዱን መለሰችው። ሽሮውን ሳህን ላይ ገልብጣ ስትጨርስ ስልኳን አነሳች። ሦስት ጊዜ ደውላ በአራተኛው ተነሳ።

«ምነው በማለዳ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እማዬ፣ ተቀመጪና ስሚኝ።»

«ተቀምጫለሁ።»

«ጾም አልነበረም።»

ከወዲያ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«ምኑ?»

«የእኔ። እየጾምኩ አልነበረም። ለመክሳት ብዬ ነው የማልበላው። ክፍል ውስጥ ወፍራም ነሽ ብለው ሳቁብኝ። እትዬ ጾም መሰላቸው፤ እኔም ዝም አልኩ። ቅዳሜም እሁድም አልበላም ነበር። ያለፈው ሳምንት እንጀራ አልጋ ሥር ሻግቷል።» ድምጿ ተቆራረጠ። «አንቺ የምትጾሚው ከእኔ ጋር አይደለም እማዬ። እኔ እዚያ የለሁም።»

የኔአለም ስልኩ የተቆረጠ መስሏት ስክሪኑን አየች፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«ሳቁብሽ?» አለች እናቷ በመጨረሻ። «እና እስከዛሬ ብቻሽን ይዘሽው ነበር?»

«እህ።»

«ወይ እኔ!... ያች ተራራ የምትመስል ዳገት ላይ ስትወጪ ስትወርጂ ያደግሽ ልጅ!»

«ከዛሬ ጀምሮ በእግሬ እሄዳለሁ። እበላለሁም፣ በልክ። አሁን ሽሮ ሠርቻለሁ። ስሚ።»

የኔአለም ቆርሳ ጎረሰች። ስልኩን አፏ አጠገብ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን እያላመጠች አሰማቻት። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ከሰው ጋር የበላችው የመጀመሪያው ጉርሻ ነበር።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው» አለች አፏ እንደሞላ።

ቀጥሎ የእናቷ እግር ወለሉ ላይ ሲሄድ ተሰማት። ከዚያ የመሶቡ ክዳን ተነሳ፤ ከዚያ የመድኃኒቱ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። የኔአለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ እናቷ ጎርሳ እስክትውጥ ድረስ ሁለተኛውን ሳትጎርስ ጠበቀቻት።